ልጄ ከእኔ መለየት አልቻለም፦ ስለ መለያየት ጭንቀት ሕመም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መስከረም በገባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመዋዕለ ሕፃናት በር ለቅሶ ቤት ይመስላል። አንዱ የእናቱን ነጠላ ጥለት ጨብጦ አልለቅም ይላል፣ ሌላው በመምህርቷ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ይራገጣል፣ እናት ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ቆማ እንባዋን ትጠርጋለች። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ጥቅምት ሳይጋመስ ቦርሳቸውን ራሳቸው አንግበው ይገባሉ። ይህ ገጽ በዋናነት የተዘጋጀው ኅዳር ገብቶም ለቅሶው ላልቆመላቸው፣ ወይም ደህና ሲማር ቆይቶ በሰባትና በስምንት ዓመቱ ከቤት አልወጣም ያለ ልጅ ላላቸው ወላጆችና አሳዳጊዎች ነው።

ልጅ ከእናቱ ሲለይ ማልቀሱ ያለ ነገር ነው፤ ይህም ሕመም ይባላል?

አይባልም። ሕፃን ልጅ ስምንት ወር ገደማ ሲሞላው እናቱ ከዓይኑ ብትሰወርም ሌላ ቦታ እንዳለች መገንዘብ ይጀምራል፤ መቼ እንደምትመለስ ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ ለቅሶውም ከዚህ ይመጣል። ስሜቱ በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ ከ10 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ይበረታል፤ አፋቸውን እየፈቱ፣ "ማታ" እና "ከምሳ በኋላ" ማለት ምን እንደሆነ እየገባቸው ሲመጣ ደግሞ ሦስት ዓመት ገደማ ላይ ይቀልላል። ሜሪ ኤንስወርዝ የተባለችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በኡጋንዳ መንደሮች እናቶችንና ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ስትከታተል ያስተዋለችው ነገር ዛሬም የዘርፉ መሠረት ነው፦ ሕፃኑ ከእናቱ አጠገብ ተነሥቶ እየዳኸ ይርቃል፣ ዞር ብሎ መኖሯን ያረጋግጣል፣ ከዚያም የበለጠ ይርቃል። ልጅ ርቆ ለመሄድ ድፍረት የሚያገኘው የሚመለስበት ሰው እንዳለ ሲያውቅ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ሲለይ ማልቀሱም የዚሁ ትስስር አካል ነው።

ታዲያ ሕመም የሚሆነው መቼ ነው?

የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ ስምንት ምልክቶችን ያስቀምጣል። ሊለይ ሲል ወይም ሲለይ ከዕድሜው በላይ መጨነቅ፣ እናቴ ወይም አባቴ ይሞቱብኛል፣ ይታመሙብኛል ብሎ አዘውትሮ መስጋት፣ እጠፋለሁ ወይም ሰው ይሰርቀኛል ብሎ መፍራት፣ በመለያየት ፍርሃት ከቤት ለመውጣት ወይም ትምህርት ቤት ለመሄድ እምቢ ማለት፣ ብቻውን መሆን አለመቻል፣ የቅርብ ሰው ከጎኑ ከሌለ አለመተኛት ወይም ሰው ቤት አለማደር፣ ስለ መለያየት ደጋግሞ መቃዠት፣ እንዲሁም ሊለይ ሲል ራስ ምታት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ማቅለሽለሽ ናቸው። ከእነዚህ ቢያንስ ሦስቱ ከአራት ሳምንት ላላነሰ ጊዜ ከታዩና በዚህ የተነሣ የልጁ ትምህርት፣ ጨዋታ ወይም የቤተሰቡ ኑሮ ከተናጋ ሕመም ነው ይባላል።

የእንቅልፉን ነገር ግን አገራችን ላይ እንዳለ መውሰድ አይገባም። በብዙ ቤት ልጅ ከእናቱ ወይም ከአያቱ ጎን ነው የሚተኛው፤ ይህ ልማድ ነው እንጂ ምልክት አይደለም። ሐኪሙ የሚጠይቀው እናቱ አንድ ሌሊት ባትኖር፣ ለምሳሌ ለለቅሶ ክፍለ ሀገር ብትሄድ፣ ልጁ ከአክስቱ ጎን መተኛት ይችል እንደሆነ ነው። ቅር እያለው ከተኛ ደህና ነው። ሌሊቱን ሙሉ በር በር እያየ ካነጋ፣ በማግስቱም ካልበላ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው።

በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከመቶ ልጆች አራቱ ገደማ ይህ ሕመም ይታይባቸዋል፤ ከ12 ዓመት በታች ባሉት ዘንድ ከጭንቀት ሕመሞች ሁሉ በብዛት የሚገኘውም እሱ ነው። አዋቂዎችንም ይይዛል።

ሰኞ ጠዋት ሁልጊዜ "ሆዴን አመመኝ" ይላል፤ እያስመሰለ ነው?

በአብዛኛው እያስመሰለ አይደለም። ሰው ሲፈራ ልቡ እንደሚመታና አፉ እንደሚደርቅ ሁሉ አንጀቱም ይጨመደዳል፤ ልጅ ደግሞ "ጨነቀኝ" የሚለውን ቃል ከማግኘቱ በፊት "ሆዴን" የሚለውን ያገኛል። ስለዚህ "ውሸታም" ብሎ መቆጣት የሚሰማውን ሕመም እንዲደብቅ ያስተምረዋል እንጂ ሕመሙን አያስቀርም።

ጊዜውን መመዝገብ ብዙ ይናገራል። እሑድ ማታ ልብሱ ሲተኮስ የሚጀምር፣ ሰኞ ጠዋት ካልሲው ሲጠለቅለት የሚበረታ፣ "በቃ ዛሬ ቅር" ሲባል በሃያ ደቂቃ ውስጥ ለቆት እንጀራ የሚያስጠይቅ፣ ዓርብ ማታና ቅዳሜ ደግሞ ጨርሶ የማይታይ ቁርጠት ከመለያየት ጋር የተያያዘ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ቢሆንም የእኛ አገር ልጅ ጃርዲያም የሆድ ትላትልም ሊኖርበት ይችላልና አንድ ጊዜ በደንብ ይመርመር፤ ሰገራውና ሽንቱ ይታይ። ትኩሳት፣ ደም ያለበት ሰገራ፣ ክብደት መቀነስ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ጉዳዩን ለጭንቀት ብቻ መስጠት አይገባም። ምርመራው ምንም ካላሳየ በኋላ ግን ከክሊኒክ ክሊኒክ መዞሩ ይቁም፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ምርመራ ለልጁ የሚነግረው "በእርግጥም አንድ ከባድ ነገር አለብህ" የሚል ነውና።

ዘመድ ሁሉ "አሞላቅቀሽው ነው" ይለኛል። እውነት ነው?

ይህን ፍርድ እናቶች ከሐኪም ቤት ኮሪደር እስከ ቡና ጠጪ ጎረቤት ድረስ ይሰሙታል፤ ፍትሐዊም አይደለም። አንዳንድ ልጅ ሲፈጠርም ፈሪና ጥንቁቅ ነው፤ ሕመሙ በቤተሰብ ውስጥ የሚወረስበት ድርሻም አለ፣ እናት ወይም አባት ራሳቸው ጭንቀታም ከሆኑ ዕድሉ ከፍ ይላል። ብዙ ጊዜም የሚቀሰቅሰው ነገር ይኖራል፦ የአያት ሞት፣ የእናት ሆስፒታል መተኛት፣ የወላጆች ፍቺ፣ ቤት መቀየር፣ አንዳንዴም የውሻ መሞት።

የወላጅ ድርሻ ያለው ከዚያ በኋላ በሚሆነው ላይ ነው። ልጁ ሲያለቅስ እናት ከመንገድ ትመለሳለች፤ እሱም እሷም በዚያው ቅጽበት እፎይ ይላሉ። የልጁ አእምሮ ከዚህ የሚይዘው ትምህርት "የዳንኩት ስላልተለየሁ ነው" የሚል ነው፤ በማግስቱ ፍርሃቱ ትንሽ ቀድሞ ይመጣል፣ ትንሽም ይበረታል። እናት የምትመለሰው ስለምትራራ እንጂ ስላጠፋች አይደለም፤ ነገር ግን ፍርሃቱን የሚቀልበው ይኸው መመለስ ነው። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ስልክ ይህን ሥራ ይሠራል። እናቱ መሥሪያ ቤት ሆና በቀን አሥራ አምስት ጊዜ "የት ነሽ? መቼ ትመጫለሽ?" እያለ የሚደውል ልጅ በእያንዳንዱ መልስ ለአምስት ደቂቃ ይረጋጋል፣ ከዚያ እንደገና ይደውላል።

ሳያየኝ ሹልክ ብዬ ብወጣ አይሻልም?

በእኛ ዘንድ ከሁሉ የተለመደው ዘዴ ይህ ነው፤ ከሁሉ የሚጎዳውም እሱ ይመስለናል። ሞግዚቷ ልጁን ወደ ጓሮ ትወስደዋለች፣ ቴሌቪዥን ይከፈትለታል፣ እናት ጫማዋን በእጇ ይዛ ትወጣለች። ወይም "ሱቅ ደርሼ መጣሁ" ትልና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ትመለሳለች። የጠዋቱ ለቅሶ በእርግጥ ይቀራል። ልጁ ግን እናት ያለ ማስጠንቀቂያ የምትጠፋ ነገር መሆኗን፣ "ሱቅ" ማለትም ቀኑን ሙሉ ማለት መሆኑን ተምሯል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት በእርግጥ ለአንድ ዳቦ ስትወጣ እግሯን ይዞ ይጮኻል፣ መታጠቢያ ቤት ስትገባም በሩ ላይ ይቀመጣል። ዘዴው አንድ ጠዋት አትርፎ ሙሉ ሳምንቱን ያስከፍላል።

ከዚህ ጋር አብረው ሊቀሩ የሚገባቸው ማስፈራሪያዎችም አሉ። "አያ ጅቦ ይወስድሃል"፣ "ለፖሊስ እሰጥሃለሁ"፣ ከሁሉም በላይ "ካላረፍክ ጥዬህ እሄዳለሁ" የሚለው። እኛ በዚህ አድገናል፣ ምን ሆንን የሚል አለ፤ ብዙው ልጅም በእርግጥ ምንም አይሆንም። እናቴ ትጠፋብኛለች ብሎ ሌሊት ለሚቃዠው ልጅ ግን ይህ ቃል ቅዠቱን በእናቱ አንደበት ማረጋገጥ ነው።

እንዴት ልሰናበተው?

በአጭሩ፣ በእውነቱ፣ ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት መንገድ። ቤት ሳሉ ይንገሩት፦ "አሁን ትምህርት ቤት አደርስሃለሁ፣ ምሳህን ትበላለህ፣ ትተኛለህ፣ ስትነሣ እመጣለሁ።" ሰዓት ለማያነብ ልጅ "ዘጠኝ ሰዓት" ከሚለው ይልቅ "ከእንቅልፍ በኋላ" የሚለው ይጨበጣል። በሩ ላይ ሁለቱን ጉንጩን ይሳሙት፣ ሁልጊዜ የምትሉትን አንድ ቃል ይበሉት፣ ለመምህርቷ በእጅ አስረክበውት ይሂዱ። ከመለየት በላይ የሚያስጨንቀው መንጠልጠሉ ነውና "እሺ አንድ ጊዜ ብቻ" እየተባለ አሥር ጊዜ አይታቀፍ። ዞር ብለው ከመስኮት አይዩት፤ ካየዎት እንደገና መጀመር ነው።

ሽታዎ ያለበት ነገር ይዞ ቢገባ ይረዳል። አንዲት እናት ያረጀ ነጠላዋን ቆርጣ መሐረብ የምታህል ጨርቅ ለልጇ ኪስ ብታደርግለት፣ ለሕፃን ይህ ከብዙ ምክር ይበልጣል። ከሁሉ በላይ ግን በተባለው ጊዜ መድረስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ሰዓት ማርፈድ የአሥር ቀን ልፋት ሊያፈርስ ይችላልና፣ ትራፊኩን የማታምኑ ከሆነ ቀድማ የምትደርስ አክስት ብትመጣና ይህም ጠዋት ቢነገረው ይመረጣል።

እስኪረጋጋ ድረስ ከትምህርት ቤት ላስቀረው?

ለአራት ዓመት ሕፃን ጥቂት ወራት ማዘግየት ጉዳት የለውም። ትምህርት የጀመረና ሕመሙ የታየበት ልጅ ግን ቤት በቆየ ቁጥር መመለሱ ይከብደዋል። ሙሉ ቀን ካቃተው ግማሽ ቀን፣ ያም ካልሆነ አንድ ክፍለ ጊዜ ይግባ፤ በየቀኑ በሩን ማለፉ ዋናው ነገር ነው። ቤት የዋለበት ቀንም ካርቱን የሚታይበትና እናት የሚታቀፉበት ግብዣ አይሁን።

ከዚያ በፊት ግን በእርግጥ የሚፈራው መለየትን መሆኑ ይጣራ። ቤቱ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ሊሆን ይችላል፦ በሰርቪስ ውስጥ የሚመታው ትልቅ ልጅ፣ ሰሌዳው የማይታየው ዓይን፣ ዱላ የያዘ መምህር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ዱላው ካለ ሕክምና የሚያስፈልገው ልጁ አይደለም። እናቱ አብራው ሆናም አንድን ሰው ብቻ ነጥሎ የሚፈራ፣ ከዚያ ሰው ጋር ላለመቅረት የሚማጸን ልጅ ደግሞ ጥቃት ደርሶበት እንዳይሆን በቁም ነገር ሊታይ ይገባል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከቤተሰቡ ተለያይቶ የተገናኘ ልጅ አለቅም ቢል ፍርሃቱ መነሻው የደረሰበት ነውና ክትትሉም ይህን መሠረት ያደርጋል።

ሕክምናው ምንድን ነው?

ዋናው የንግግር ሕክምና ነው፤ ባለሙያዎች ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ይሉታል። ስሙ ቢረዝምም ሥራው ቀላል ነው፦ ልጁ የሚፈራውን መለየት በጥቂት በጥቂቱ፣ እሱ ራሱ እያወቀ፣ እስኪሰለቸው ድረስ መለማመድ።

እናቷ ወጥ ቤት ስትገባ እንኳን ተከትላ የምትሄድ የሰባት ዓመት ልጅ አለች እንበል። ከእሷ ጋር ተቀምጠው የሚያስፈሯትን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይደረድራሉ፤ ፍርሃቷንም በጣቶቿ እንድትለካ ይደረጋል፣ አሥሩ ጣት ከሁሉ የሚያስፈራው ነው። እናቷ ወጥ ቤት እሷ ሳሎን አምስት ደቂቃ፦ ሦስት ጣት። እናቷ እስከ ግቢው በር፦ አራት። እናቷ ዳቦ ልትገዛ ሄዳ አሥር ደቂቃ ከአክስቷ ጋር፣ ያለ ስልክ፦ ስድስት። ከሰዓት በኋላውን አክስቷ ቤት፦ ስምንት። እዚያው ማደር፦ አሥሩም ጣት። የመጀመሪያው ወደ አንድ ጣት እስኪወርድ ድረስ በየቀኑ ይደጋገማል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ይታለፋል። በመካከል ታለቅስ ይሆናል፤ ማልቀሷ ልምምዱ መበላሸቱን አያሳይም። የሚያበላሸው ፍርሃቷ ጣራ ላይ እያለ ማቋረጥ ነው፤ ያን ጊዜ ያዳናት የእናቷ መምጣት ሆኖ ይቀራልና።

ልጁ ባለሙያ ጋ አልሄድም ቢልም መንገድ አለ። በዬል ዩኒቨርሲቲ ኢላይ ሌቦዊትዝ ያዘጋጀው ሕክምና ወላጆችን ብቻ ያሠለጥናል፤ ወላጆች ለፍርሃቱ ሲሉ የለወጡትን የቤት ሥርዓት አንድ በአንድ እንዲመልሱ፣ ይህንንም ለልጁ አስቀድመው በፍቅርና በእርግጠኝነት እንዲነግሩት ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ፣ 124 ልጆች በተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ ልጁን በቀጥታ ከማከም ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። ባለሙያ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መድኃኒት ያስፈልገዋል?

ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም፤ ሕመሙ ሲበረታ ወይም የንግግር ሕክምናው ብቻውን ሳይበቃ ሲቀር ግን ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የመለያየት ጭንቀትን ጨምሮ ሦስት ዓይነት የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን፣ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 17 የሆኑ 488 ልጆች ለ12 ሳምንት አክሟል። በንግግር ሕክምና ብቻ ከመቶ 60 ገደማ፣ ሰርትራሊን በተባለው መድኃኒት ብቻ 55 ገደማ፣ ሁለቱን በአንድ ላይ ባገኙት 81 ገደማ፣ ባዶ ክኒን በወሰዱት ደግሞ 24 ገደማ በግልጽ ተሻሽለዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 ይህ ዓይነቱ መድኃኒት በአንዳንድ ልጆችና ወጣቶች ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምር እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ ስለዚህ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሐኪም ክትትል ግድ ነው። ከጎረቤት ወይም ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ የመጣ የእንቅልፍ ክኒን ለልጅ አይሰጥም።

ልጁን ያሳደጉት አያቱ ናቸው፤ እናቱ ዐረብ አገር ነች። አሁን ስትመጣ ከአያቱ አልለይም አለ።

ይህ ጥያቄ ከጅዳ፣ ከቤሩትና ከዱባይ ለተመለሱ እናቶች ብቻ አይደለም፤ አባት ቀድሞ አሜሪካ ገብቶ ልጆቹን ከዓመታት በኋላ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ሚኒሶታ በሚወስድበት ቤትም ይነሣል። ልጅ የሚተሳሰረው ከወለደው ጋር ሳይሆን ሌሊት ሲያስለው ከተነሣለት ጋር ነው። ስምንት ዓመት የላከችለትን ልብስ የለበሰ ልጅ "እማማ" የሚለው አያቱን ቢሆን፣ ለእናቱ ልብ የሚሰብር ነገር ነው፤ ከአያቱ መለየቱ ግን ለእሱ እናት እንደ ማጣት ነው። "እኔ ነኝ እናትህ" የሚለው ክርክር እዚህ አይረዳም። ቢቻል ከጉዞው በፊት ሦስቱም ጥቂት ሳምንታት አብረው ይኑሩ፤ እናት ቀስ በቀስ የማጠቡን፣ የማብላቱን፣ የማስተኛቱን ሥራ ትረከብ። ከሄዱ በኋላ ለአያት በተወሰነ ቀንና ሰዓት ይደወል። "እንዳያለቅስ" ብሎ ስልኩን መቁረጥ አያት እንደሞቱበት ያህል ነው።

ጠበል እየወሰድነው ነው፤ ከሕክምናው ጋር ይጋጫል?

አይጋጭም። ቤተሰቡን የሚያጽናና ነገር ልጁንም ያጽናናል። ልጁ ፊት "ዓይነ ጥላ አለበት" ወይም "መንፈስ ይዞታል" ሲባል ግን ሌላ ፍርሃት ይጨመርበታል፤ ጠበሉ ቀናት የሚወስድ ከሆነም ልጁ ከማያውቀው ሰው ጋር እንዲቀር አይደረግ። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ካለ ሐኪሙ ሳይጠየቅ አይቋረጥ።

የት እንሂድ? መቼስ ነው የሚቸኮለው?

በአቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ከሕፃናት ሐኪም ይጀመራል። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ እንደ ጎንደርና ጅማ ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። አሜሪካ ያላችሁ ከልጁ ሐኪምና ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጀምሩ፤ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ እንግሊዝኛ የሚያውቀውን ልጅ ራሱን ወይም ታላቁን አስተርጓሚ አታድርጉት። "መሞት እፈልጋለሁ" ያለ፣ ራሱን የጎዳ፣ ወይም መብላትና መጠጣት ያቆመ ልጅ ቀጠሮ አይጠበቅለትም፤ በዚያው ቀን ይወሰድ።

ከዳነ በኋላ ይመለስበታል?

ብዙ ልጆች ይሻላቸዋል፤ ይሁንና ከረጅም ዕረፍት፣ ከጉንፋን ሳምንት ወይም ከቤተሰብ ሐዘን በኋላ ፍርሃቱ ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ክረምቱን ሙሉ ከእናቱ ጋር የከረመ ልጅ ለመስከረም ቀድሞ ይዘጋጅ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የመኝታ ሰዓቱ ይስተካከል፣ በክረምቱ የተረሱት አጫጭር መለየቶች ከአክስት ወይም ከጎረቤት ጋር እንደገና ይጀመሩ። ጳጉሜን ላይ ደግሞ የትምህርት ቤቱን መንገድ በእግር አብራችሁ ሂዱ፤ በሩ ዝግ ቢሆንም ዘበኛውን ሰላም ብሎ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ግቢውን አይቶ ከተመለሰ ለዚያ ቀን ይበቃዋል።